ለቤት ማደሻ የሚሆን ቀለም ስለ መምረጥ፤ አስመጪና ባለ ሱቅ ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ እንዲሁም ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና በባቱ ከተሞች የቀለም ገበያ እንደሚደራ ማናቸውም ባለ ሱቅ ያውቀዋል። ግድግዳውን ለማደስ፣ የብረት በሩንና መስኮቱን ለመቀባት ያሰበ ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የቀለሙ መልክና ዋጋው ነው። በጣሳው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ቀለሙ በሚደርቅበት ጊዜ ወደ ቤቱ አየር ምን እንደሚወጣ፣ ከዓመታት በኋላም ሲፋቅና ሲረግፍ ምን እንደሚያስከትል የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ገዢው የማይጠይቀውን ነገር ሻጩ አውቆ መገኘት ይገባዋል።

ቀለም በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በዋናነት በሁለት መንገድ የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የነገሩ ሁሉ መሠረት ነው። አንደኛው በሽታው ይታወቃል፤ ሁለተኛው ሽታ የለውም። አንደኛው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቅቡ በግድግዳው ላይ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል። ሕዝቡ በብዛት የሚጠነቀቀው ከአንደኛው ነው፤ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው።

ወደ አየር የሚተንነው ቅመም

ማናቸውም ቀለም ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። መልኩን የሚሰጠው ዱቄት አንድ፤ ዱቄቱን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ ሁለት፤ ሁለቱን አቅጥኖ ለብሩሽ የሚያመቸው ፈሳሽ ሦስት ናቸው። በተለምዶ ፕላስቲክ ቀለም በሚባለው የውሃ ቀለም ውስጥ ማቅጠኛው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሲንተቲክ በሚባለውና በሚያብረቀርቀው የዘይት ቀለም ውስጥ ግን ማቅጠኛው ከነዳጅ የሚወጣ ተናኝ ፈሳሽ ነው። ቀለሙ ደረቀ ማለት ይህ ፈሳሽ ከግድግዳው ወጥቶ ወደ ክፍሉ አየር ገባ ማለት ነው። የሚተነፍሰውም ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ዓይኑንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፤ ዘወትር በዚህ ሥራ ላይ የሚኖረው ቀለም ቀቢም ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

የመጠኑን ልዩነት በቁጥር መረዳት ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት በ2004 የወጣው መመሪያ፣ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ለቤት ውስጥ ግድግዳ የሚሆን የማያብረቀርቅ የውሃ ቀለም በአንድ ሊትር ውስጥ ከ30 ግራም የበለጠ ተናኝ ቅመም እንዳይኖረው ወስኗል። ለእንጨትና ለብረት በሚሆነው የዘይት ቀለም ግን የተፈቀደው እስከ 300 ግራም ነው። (እዚህና ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ርዝመቱና ስፋቱ 4 ሜትር፣ ቁመቱም 2 ሜትር ከ80 የሆነ ክፍል፣ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይኖረዋል። አንድ ሊትር ቀለም 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ቢባል፣ ሁለት እጅ ለመቀባት 8 ሊትር ያስፈልጋል። ከላይ በተባለው ወሰን የተሠራው የውሃ ቀለም ወደ ክፍሉ አየር የሚለቀው ቢበዛ 240 ግራም ሲሆን፣ የዘይቱ ቀለም ግን እስከ 2,400 ግራም ይለቃል፤ ይህም ዐሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ቀቢው ቀለሙ እንዲበረክትለት ብሎ አንድ ሊትር ቲነር ቢጨምርበት ደግሞ ሌላ ከ700 ግራም በላይ ይጨመራል። ስለዚህ ሰፊውን ግድግዳ በውሃ ቀለም ቀብቶ፣ የዘይቱን ቀለም ለበርና ለመስኮት ብቻ ማዋል ለጤናም ለኪስም ይበጃል።

በዓል ሲቃረብ የሚደረግ የተለመደ ስሕተት አለ። ቤቱ በዋዜማው ይቀባና ቤተ ሰቡ በዚያው ሌሊት ይተኛበታል፤ በማግሥቱም በር ተዘግቶ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣን ጨሶ ቡና ይፈላበታል። ከዘይት ቀለምና ከቲነር የሚወጣው ተን እሳት የሚያቀጣጥል ስለ ሆነ፣ ይህ ከጤና ጉዳት አልፎ የቃጠሎ አደጋ ያስከትላል። ከበዓሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መቀባት፣ በርና መስኮትን ከፍቶ ማናፈስ፣ ሽታውም እስኪለቅ ድረስ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን በሌላ ክፍል ማሳደር ተገቢ ነው።

ሽታ የሌለው ጉዳት

ሁለተኛው ጉዳት የሚመጣው ከእርሳስ ነው። የእርሳስ ውሁዶች በቀለም ውስጥ የሚገቡት በሦስት ምክንያት ነው፤ ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ መልክ ለመስጠት፣ የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግ፣ ብረትም እንዳይዝግ ለመከላከል ነው። አረንጓዴ ቀለምም ብዙ ጊዜ ከቢጫና ከሰማያዊ ስለሚቀመም ከዚህ ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

እርሳስ አይተንም፤ አይሸትም። ቅቡ አዲስ ሳለም ጉዳቱ አይታይም። ነገር ግን ፀሐይና ነፋስ ከጊዜ ብዛት ቅቡን ያደርቁታል፤ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ ወደ ዱቄትነትም ይለወጣል። ዱቄቱ በወለሉና በደጃፉ አፈር ላይ ያርፋል። ሕፃን ደግሞ የሚድኸው በዚያው ወለል ላይ ነው፤ የነካውንም እጁን ወደ አፉ ያገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ገልጿል። እርሳስ በሕፃናት አእምሮ ዕድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የመማር ችሎታን የሚቀንስና ሊመለስ የማይችል ነው። በእናት አጥንት ውስጥ የተከማቸውም በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ ይተላለፋል።

ይህ ነገር በፀሐያማ አገር እንዴት እንደሚሆን ከአውስትራሊያ የተገኘ የታወቀ ምሳሌ አለ። በኩዊንስላንድ ግዛት በብሪዝበን ከተማ የነበሩ ሐኪሞች በ1890ዎቹ ዓመታት ብዙ ሕፃናት በእርሳስ እንደ ተመረዙ ደረሱበት፤ መርዙ ከየት እንደ መጣ ግን ሳያውቁ ቆዩ። በ1904 ዶክተር ሎክሃርት ጊብሰን ምንጩ የበረንዳዎችና የአጥሮች ቀለም መሆኑን አስታወቁ። ኃይለኛው ፀሐይ ቅቡን ዱቄት ሲያደርገው፣ ሕፃናቱ የበረንዳውን መደገፊያ እየያዙ ይጫወቱና ጣታቸውን ይጠቡ ነበር። ግዛቱ ልጆች ሊደርሱባቸው በሚችሉ ቦታዎች የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ በሕግ የከለከለው በ1922 ነው። ምክንያቱ ታውቆ ሕጉ እስኪወጣ 18 ዓመት አልፏል ማለት ነው።

የስምጥ ሸለቆው ከተሞችም ፀሐያቸው ብርቱ፣ ነፋሳቸው አቧራማ ነው። ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዓለም ጤና ከተማ ፀሐይ የሚመታውን የብረት በር ያየ ሰው፣ የቅቡ መልክ እንዴት እንደሚገረጣና በእጅ ሲዳሰስ እንዴት ዱቄት እንደሚለቅ ለመረዳት አይቸገርም። በተለይም የመዋለ ሕፃናት ዥዋዥዌዎች፣ መንሸራተቻዎችና አጥሮች ብዙ ጊዜ በደማቅ ቢጫ፣ በቀይና በአረንጓዴ የዘይት ቀለም የሚቀቡ ስለ ሆኑ፣ ለእነዚህ የሚሸጠው ቀለም ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ሕጉ የሚለው

በዓለም ላይ ይህ ክልከላ አዲስ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1921 ባጸደቀው 13ኛ ስምምነት፣ ተለይተው ከተጠቀሱ ጥቂት ቦታዎች በቀር፣ ነጭ የእርሳስ ቀለም ለሕንጻ ውስጥ ቅብ እንዳይውል ተወስኗል። አሜሪካ በ1978 የቤት ቀለም የእርሳስ መጠን በሚሊዮን ከ600 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነች፤ በ2009 ደግሞ ወደ 90 አወረደችው። ሕንድም በ2016 ባወጣችው ደንብ ይህንኑ የ90 ወሰን ተቀብላ ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች።

በኢትዮጵያ በ2013፣ በ2015 እና በ2017 ይፋ የሆኑት የገበያ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ ከተመረመሩት የዘይት ቀለሞች አብዛኞቹ ከ90 በላይ፣ አንዳንዶቹም ከ10,000 በላይ እርሳስ ነበራቸው፤ ከሁሉም የባሰው ቢጫው ነበር። ከዚህ በኋላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ደንብ ቁጥር 429ን አወጣ። በደንቡ መሠረት በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከ90 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ከዚህ ወሰን ያለፈውን ቀለም ማምረት፣ ከውጭ ማስገባትና መሸጥም የተከለከለ ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ መረዳት ይጠቅማል። የሚለካው በደረቀው ቅብ ነው። በሚሊዮን 90 እጅ ማለት በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቅብ ውስጥ 90 ሚሊግራም እርሳስ ማለት ነው፤ 10,000 እጅ የሆነው ግን በአንዱ ኪሎ ውስጥ 10 ግራም እርሳስ ይዟል። ሁለቱ ጣሳዎች በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን፣ በሽታም ሆነ በክብደት መለየት አይቻልም። የሚለያቸው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ሽታው ቀላል ነው፣ ወይም የውሃ ቀለም ነው ተብሎ ብቻም እርሳስ የለበትም ብሎ መደምደም አይገባም። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ በጣሳው ላይ መኖሩ ምስክር የሚሆነው የምርመራ ወረቀት ሲያስከትል ነው።

ለእያንዳንዱ ገጽ የሚስማማው

የሚቀባውን ገጽ ሳያውቁ ቀለም መሸጥ፣ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው። በእነዚህ ከተሞች የሚገኙት ዋና ዋና ገጾች የሚከተሉት ናቸው።

የጭቃ ግድግዳ። ከእንጨትና ጭድ ገብቶበት ከተቦካ ጭቃ የተሠራ ግድግዳ እርጥበትን ይስባል፤ መልሶም ያወጣል። የፕላስቲክ ቀለም በላዩ ሲቀባ እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ቅቡ ያብጥና ይላጣል። ለዚህ ግድግዳ የሚስማማው የጥንቱ ኖራ ነው። ኖራ ተናኝ ቅመም የለውም፤ አየር ያሳልፋል፤ የሚጠነክረውም በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው። በውሃ ረጥቦ ከበረደ በኋላ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው በጥቂቱ ርሶ፣ በስሱ ሦስት አራት እጅ ይቀባል። በቀትር ፀሐይ የተቀባ ኖራ ከመጠን በላይ ፈጥኖ ስለሚደርቅ እጅን ነጭ የሚያደርግ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጧት ማለዳ ወይም ወደ ማታ መቀባት ይሻላል። ያልረጠበ ኖራ ውሃ ሲነካው እጅግ ይግላል፤ ዓይንንና ቆዳንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሲረጥብ ልጆች እንዳይቀርቡ፣ የሚያረጥበውም ሰው ዓይኑንና እጁን እንዲሸፍን ያስፈልጋል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን። ይህ ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ አለበት። አዲስ ሲሚንቶ በውስጡ ያለው ኃይለኛ አልካሊ የዘይት ቀለምን ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ቅቡ ይበላሻል። ለዚህ የሚሆነው የውሃ ቀለም ነው። ልስኑ ጨዋማ በሆነ ውሃ ከተቦካም ነጭ ጨው እየወጣ ቅቡን ይገፋዋል፤ ይህን ያየ ደንበኛ ጨውን በደረቅ ብሩሽ አራግፎ፣ ዳግመኛ አለመውጣቱን አረጋግጦ እንዲቀባ ሊመከር ይገባል።

የብረት በርና መስኮት። ለብረት ዝገት መከላከያ ቅብ ያስፈልገዋል። ድሮ በእርሳስ ይሠራ የነበረው ቀይ መከላከያ በዚንክ ፎስፌት በሚሠራ ሊተካ ይችላል። በላዩ የሚቀባው የዘይት ቀለምም ከእርሳስ ነጻ መሆኑ በምርመራ የተረጋገጠ ይሁን።

እንጨትና የቤት ዕቃ። በቲነር ከሚቀጥን ቫርኒሽ ሌላ በአገር ውስጥ የሚገኝ አማራጭ አለ። የተልባ ዘይት በአየር የሚደርቅ ዘይት ስለ ሆነ ለእንጨት ቅብነት ከጥንት ጀምሮ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የንብ ሰምም እንጨትን ለመወልወል ይሆናል። ኢትዮጵያ ተልባ የምታመርትና ሰምም ወደ ውጭ ከሚልኩ የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ናት። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በአዳሚ ቱሉ የሚገኘው ዲያቶማይት የተባለው ማዕድንም የቀለምን ብልጭታ ለመቀነስ የሚያገለግል ዓይነት ነው። ለላኪዎችና ለአምራቾች ይህ ሊታሰብበት የሚገባ በር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ በውሃ ተነክሮ ወይም ተዘርግቶ ደርቆ መጣል አለበት።

አሮጌው ቅብ ሲነሣ

ቤት በሚታደስበት ጊዜ ከአዲሱ ቀለም ይልቅ አሮጌው የባሰ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም ሁሉ እርሳስ ይኖርበታል ተብሎ ቢገመት መልካም ነው። አሮጌውን ቅብ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ወይም በእሳት ማቃጠል መርዙን በቤቱ ሁሉ መበተን ነው። ይህን ለማስቀረት ገጹ በውሃ እየራሰ ይፋቃል፤ ወለሉ በላስቲክ ይሸፈናል፤ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ይወገዳል፤ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በሳሙና ውሃና በጨርቅ ይወለወላል። ቀለም ቀቢውም አፍንጫውን ይሸፍናል፣ ከመብላቱ በፊት እጁን ይታጠባል፣ የሥራ ልብሱንም ከልጆቹ ልብስ ለይቶ ያሳጥባል። ቅቡ ጠንካራ ሆኖ ያልተላጠ እንደ ሆነ፣ ከመፋቅ ይልቅ በላዩ ላይ መቀባት ይሻላል።

አሮጌ ቀለም የተቀባ በርና መስኮት ተሰባብሮ ለእንጀራ መጋገሪያ ማገዶ መሆን የለበትም። እርሳሱ ከጭሱ ጋር ይተነፈሳል፤ በአመዱም ውስጥ ይቀራል።

አስመጪውና ባለ ሱቁ ሊያደርጉ የሚገባቸው

አስመጪው ትእዛዝ ከማስተላለፉ በፊት፣ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን፣ ዕውቅና ካለው ላቦራቶሪ የተሰጠ የምርመራ ወረቀት ከአምራቹ ይጠይቅ። ወረቀቱ ለእያንዳንዱ መልክ ለየብቻው ይሁን፤ ነጩ ወሰኑን አለፈ ማለት ቢጫውም አለፈ ማለት አይደለምና። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጠቅላላው የእርሳስ መጠን መሆኑን፣ የዕቃውም መለያ ቁጥር ከጣሳው ጋር መስማማቱን ያረጋግጥ። ከአውሮፓ የመጣ ጣሳ እንደ ሆነ የተናኙ ቅመም ልክ በግራምና በሊትር ተጽፎበት ይገኛል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወደ ቤቱ አየር የሚወጣው ያንሳል። ወረቀት የማይሰጥ ላኪ ዋጋውን ቢቀንስ እንኳ፣ በሕግ የተከለከለ ዕቃ በመጋዘን ተይዞ የሚያስከትለው ኪሳራ ከቅናሹ ይበልጣል።

ባለ ሱቁ ደግሞ ከአከፋፋዩ የወረቀቱን ግልባጭ ተቀብሎ በሱቁ ያኑር። ለገዢውም ሦስት ጥያቄ ያቅርብለት፤ የሚቀባው ምን ዓይነት ገጽ ነው? ክፍሉ ውስጥ ማን ያድራል? አሮጌ ቅብ አለበት ወይ? ለእነዚህ መልስ ካገኘ በኋላ የትኛውን ጣሳ ማውረድ እንደሚገባው ያውቃል። ብዙ ጊዜም መልሱ ርካሹን ቀለም ይጠቁማል፤ ለጭቃ ግድግዳ የሚሆነው ኖራ ከማናቸውም ጣሳ ይረክሳልና።

በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ ሙቅ ሱቅ ውስጥ የዘይት ቀለምና ቲነር ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው ይቀመጡ፤ የውሃ ቀለምም በሙቀት እንዳይበላሽ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይሸጥ። ቲነርን በውሃ መጠጫ ላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ መሸጥ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። መልኩ ውሃ የሚመስል ስለ ሆነ፣ በቤት ውስጥ ያገኘው ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። በእርግጥ በትንሹ ተመጥኖ የሚሸጥ ከሆነም፣ የመጠጥ ዕቃ በማይመስል መያዣ ሆኖ ስሙና «መርዝ» የሚል ቃል በጉልህ ይጻፍበት።

ከእርሳስ ነጻ የሆነ ደማቅ ቢጫ ዋጋው ከፍ ሊል ይችል ይሆናል፤ ገዢውም ሊከራከር ይችላል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው የሚያቀርበው ማስረጃ በእጁ ያለው የምርመራ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት አሳይቶ የልዩነቱን ምክንያት ያስረዳ ነጋዴ የአንድ ቀን ሽያጭ ቢያመልጠው እንኳ በሚቀጥለው በዓል ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ያተርፋል። ቀለሙ የሚቀባበት ቤት በዚያው በከተማው ውስጥ የሚገኝ፣ በውስጡም የሚያድጉት ልጆች የነጋዴው ጎረቤቶች ልጆች ስለ ሆኑ፣ ጥንቃቄው የሚጀመረው ጣሳው ከመደርደሪያ ሳይወርድ ሊሆን ይገባል።